የቆጡን ማን ይሸከማል?

መደርደሪያው የወደቀው በነሐሴ ሌሊት ነው። ዝናቡ ከማታ ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስላመሸ፣ ድምፁን ስንሰማ መብረቅ የመታ መስሎን ነበር። በባትሪ መብራት ወደ ጋራዡ ብንሮጥ በሩ ከውስጥ ተይዞ አልከፈት አለ። በትከሻ ገፍተን ስንገባ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ፣ ግማሽ የቀረው የቀለም ጋሎንና የሚስማር ጣሳው ሁሉ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ነጩ ቀለም ከተቃጠለ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ እስከ ደጃፉ ፈስሷል። እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ክረምት ክረምት ዝናብ ሲይዝ ልጆቹ የሚጫወቱት እዚያው መደርደሪያ ሥር ነው።

ጣውላው አልተሰበረም። እኔን ያስገረመኝ እሱ ነው። ውፍረቱ አራት ሳንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው፤ ገንዘቤን ያፈሰስሁት እሱ ላይ ነበር። ደጋፊ ብረቶቹም አልታጠፉም። የለቀቀው ግድግዳው ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ጎረቤታችን መጡ። ጎንደር ውስጥ በአናጢነት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ዓይናቸው እንደ ድሮው ነው። ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ጣውላውን ተራምደው አለፉትና በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ። አመልካች ጣታቸውን ፊሸሩ በወጣበት ቀዳዳ ከተቱት፤ እስከ አንጓው ገባ። ከዚያ በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን ወዲያና ወዲህ አንኳኩ።

«ሰማኸው?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ባዶ ነው። አንተ ዕቃህን አየር ላይ ነው የሰቀልኸው።»

«ጣውላው ግን ወፍራም ነበር…»

«ጣውላውን ማን ጠየቀህ! ክብደት መሬት እስኪደርስ አያርፍም። በየት በኩል ወርዶ መሬት እንዲደርስ ነው መንገድ የሰጠኸው?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጎንደር ውስጥም ሆነ ወደ ደባርቅ ስወጣ፣ ቤት በገባሁ ቁጥር ዓይኔ ያንን መንገድ መፈለግ ለመደ። የተሰቀለ ነገር ሳይ በየት በኩል ወደ መሬት እንደሚወርድ በዓይኔ እከተለዋለሁ። ርካሽና ጠንካራ መደርደሪያ መሥራት ለሚሻ ሰው ከእንጨት ዋጋ በፊት የሚያስፈልገው ይህ ልማድ ይመስለኛል።

ጋራዥ ስንል የመኪና ማደሪያ ማለታችን ነው እንጂ፣ በከተማችን መኪና የሚያድርበት ጋራዥ ጥቂት ነው። ብዙው የግቢው ጓዳ ሆኗል። የጤፍ ጆንያ፣ ትርፍ ጎማ፣ የፈረሰ አልጋ፣ ከግንባታ የተረፈ ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ ለሠርግ ብቻ የሚወጣው ትልቅ ድስት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዕቃው ወለል ላይ ሲከመር ከሥር ያለው በክረምቱ ርጥበት ይበሰብሳል፤ ከላይ ያለው ይረሳል፤ ከመካከል ያለውን ለማውጣት ደግሞ ሁሉንም ማንሳት ግድ ነው። ስለዚህ መደርደሪያ ለድሃም ለሀብታምም ያስፈልጋል፤ ለድሃ ግን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የተበላሸችውን ቀለም የሚተካበት የለውምና።

በከተማው አዳዲስ ግቢዎች የጋራዡ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ከውጭ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ክፍት ነው። ከፊት ያለው ገበታ ውፍረቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየር አለ። ፊሸር የተሠራው ብሎን ሲገባበት ተነፍቶ በዙሪያው ያለውን ጠጣር ነገር እንዲጨብጥ ነው። የሚጨብጠው ስስ ገበታ ብቻ ሲሆን፣ ለሥዕልና ለመስታወት ይበቃ ይሆናል፤ ለጀሪካን አይበቃም። በዚያ ላይ አሸዋው በዝቶ ሲሚንቶው ያነሰ ብሎኬት ከሆነ፣ መሰርሰሪያው ገና ሲነካው ይፈረፈራል። የእኔም እንደዚያ ነበር፤ ስሰረስር ቶሎ መግባቱ አስደስቶኝ ነበር።

ጋሼ ከሰል አነሡና እዚያው ግድግዳ ላይ ሥለው አስረዱኝ። የመደርደሪያዬ ወርድ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ዕቃው በእኩል ቢቀመጥ ክብደቱ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ እንደ ተሰበሰበ ይቆጠራል። ደጋፊ ብረቱ ደግሞ ግድግዳው ላይ ወደ ታች የሚወርደው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። በላዩ 60 ኪሎ ስጭንበት፣ ብረቱ በታችኛው ጫፉ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ድጅኖ ይሠራል፤ የላይኞቹን ብሎኖች በ120 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይነቅላቸዋል። ያ ለሁለት ብረት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 60 ኪሎ ደረሰው ማለት ነው። የብረቱ እግር 30 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ኖሮ ጠቅላላ መንቀሉ 40 ኪሎ ብቻ በሆነ ነበር። ጣውላው ያው፣ ዕቃው ያው፣ ግድግዳው ያው፤ የተለወጠው የብረቱ እግር ርዝመት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ባትሪውን ለማንሳት እንዲመቸኝ ከዳር በኩል አስቀምጬው ነበር። ከግድግዳው በራቀ ቁጥር መንቀሉ እንደሚጨምር ማን ነግሮኝ!

«የድሮ ሰው ይህን ቁጥር አያውቅም፤ ግን አይወድቅበትም ነበር» አሉኝ። ለምን እንዳሉ የገባኝ ኋላ ነው።

በመስከረም ወደ ደባርቅ ወጣሁ። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በወለቃ በኩል ወጥቶ፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደጋውን ይይዛል። ብርዱ አጥንት ይነካል፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት አገር ነው። የእናቴ ዘመዶች ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ከላይ ቆርቆሮ የለበሰ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቤት ነው፤ በዚያ ዓይን ግን አይቼው አላውቅም።

ከምድጃው በስተጀርባ ቆጥ አለ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የምንለው ቆጥ። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቆጡ ራሱ በምን እንደቆመ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁት። አራት ቋሚዎች መሬት ውስጥ ተተክለዋል፤ ጫፋቸው እንደ መንሽ የተከፈለ ባላ ነው። በባላው ላይ ወፍራም አጣና ተጋድሟል፤ በአጣናው ላይ ቀጫጭን ማገር ተረብርቧል፤ በማገሩ ላይ የእህል ዕቃ፣ የተጠቀለለ ቁርበትና ጆንያ ተደርድሯል። ግድግዳው በቅርብ ቆሞ ያያል እንጂ አንድ ኪሎ እንኳ አልተሸከመም። ክብደቱ ከማገሩ ወደ አጣናው፣ ከአጣናው ወደ ባላው፣ ከባላው ወደ መሬት ይወርዳል። ሚስማር የለበትም። ባላው እንጨቱን ታቅፎታል፤ ገመዱ ደግሞ እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዘዋል።

የጭቃ ግድግዳ የሚሠራ ሰው ግድግዳውን ያውቀዋል። ቋሚው የት እንደ ተተከለ፣ ማገሩ በየስንት ክንድ እንደ ተመታ፣ ጭዱ ስንት ቀን በጭቃው እንደ ቦካ ያስታውሳል፤ ረግጦታልና። ከባድ ነገር ለመስቀል ሲፈልግ ጭቃውን አያምንም፤ ቋሚውን ይፈልጋል። ለቀላል ነገር ደግሞ ምርጊቱ ገና እርጥብ ሳለ የከብት ቀንድ ይቀበርበታል፤ ጫፉ ወደ ላይ የቀና ስለሆነ የተሰቀለው አይንሸራተትም። የእኛዎቹ ቤት ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ቀንዶች አሉ፤ አንዱ ላይ ጅራፍ፣ ሌላው ላይ ጋቢ ይንጠለጠላል።

ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ጥበብ ለመጻሕፍቱ ተጠቅማበታለች። የብራና መጻሕፍት በማኅደር፣ ማለትም በቆዳ ከረጢት ይከተቱና በጠፍሩ ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ በወጣ የእንጨት ችካል ላይ ይሰቀላሉ። አይጥ አይደርስባቸውም፤ የወለል ርጥበት አያገኛቸውም፤ ዙሪያቸውን አየር ያገኛሉ። አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ በሁለት እጅ ነው የሚነሣው። እነዚያ ችካሎች ከባዱን ሸክም ለዘመናት የያዙት ከምሰሶው ወይም ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ስለ ወጡ ነው።

ወደ ጎንደር ስመለስ የነገሥታቱን ግቢ እንደገና ልየው ብዬ ገባሁ። ሰው ፎቅና ማማ ሊያይ ይገባል፤ እኔ ቀዳዳ ፍለጋ ነበር የገባሁት። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ከመሠረቱ ወዲህ በዚያ ግቢ ተከታትለው የተሠሩት ግንቦች የጥቁር ድንጋይና የኖራ ሥራ ናቸው፤ በመስኮትና በበሩ ቅስት ዙሪያ ቀላ ያለው ድንጋይ ይታያል። ጣሪያቸውና ወለላቸው በፈረሰባቸው ክፍሎች፣ ለምሳሌ በአፄ ኢያሱ ግንብ፣ ራስን ቀና አድርጎ ማየት ነው። በግድግዳው ላይ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ማዕዘን ጉድጓዶች አሉ። የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸውን ያሳረፉት እዚያ ውስጥ ነው። ግንበኞቹ እንጨቱን ግድግዳው ላይ አልለጠፉትም፤ ግድግዳው ውስጥ አስተኙት። ወለሉ ላይ የቆመው ሁሉ፣ መኳንንቱም ምንጣፉም ግብሩም፣ በእነዚያ ጉድጓዶች በኩል አድርጎ ወደ ወፍራሙ ድንጋይ፣ ከድንጋዩም ወደ መሠረቱ ይወርድ ነበር። ከእነዚያ ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩበት፤ መንደራቸው በነበረችው በወለቃ በኩል የሚያልፍ ሰው ዛሬም የሸክላ ሥራውን በመንገድ ዳር ተደርድሮ ያየዋል። ቦታው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ውበቱ ብቻ አይመስለኝም፤ እነዚያ ጉድጓዶችም የቅርሱ አካል ናቸው።

እንግዲህ ሦስት ግድግዳ አየን። ድንጋይ ሸክም ይችላል፤ ግን እንጨቱ ውስጡ ይተኛ። ጭቃ አይችልም፤ ቋሚው ይችላል። ብሎኬት ደግሞ የሚችል ይመስላል። በብሎኬት ላይ የግድ መስቀል ያለበት ሰው መንገድ አያጣም፤ ወይ ብሎኑን ግድግዳውን አሳልፎ በወዲያኛው በኩል በሰፊ ላሜራ ማሰር፣ ወይ ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላትና በደንብ እስኪደርቅ መታገሥ፣ ወይ ደግሞ ብረት የተቀበረበትን የኮንክሪት ኮለን ወይም ቢም ፈልጎ እዚያ ላይ መምታት ነው። እኔ ግን የደባርቁን ቆጥ ከዓይኔ ላወጣው አልቻልሁም። ሸክሙ ከናካቴው ግድግዳውን ባይነካስ?

ጋሼን ብጠይቃቸው ፈገግ አሉ። «መሰላል ሥራ» አሉኝ። «አራት አጭር መሰላል። በመሰላሎቹ ላይ ጣውላ ማጋደም ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።»

እንጨት ለመግዛት ወደ ገበያ ስወርድ አብረውኝ መጡ። የጎንደር አጣና ተራ ሁልጊዜ ያስደስተኛል፤ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ጉንፋን ይከፍታል። ይህ ዛፍ እንግዳ መሆኑን ዛሬ ማን ያስታውሳል? በ1880ዎቹ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ዘሩ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ተተከለ፤ ከዚያ ደጋውን ሁሉ አለበሰው። ዛሬ በጎንደር ቤት ውስጥ ቋሚው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፣ የግንባታ መወጣጫው፣ ማገዶው እሱ ነው። ብርቱና ከባድ እንጨት ነው፤ ለሸክም እሰየው ነው። ዐመሉ ግን አስቸጋሪ ነው። ሲደርቅ ይጣመማል፤ ከጫፉ ይሰነጠቃል። እርጥቡን ገዝቶ ዛሬውኑ የሚመታ ሰው በጥር ወር መደርደሪያው እንደ ቀበሮ ጅራት ተቆልምሞ ያገኘዋል። ደርቆ ሲያበቃ ደግሞ እንደ ብረት ስለሚጠነክር ሚስማር ይታጠፍበታል፤ በግድ ከገባም ይሰነጥቀዋል።

ጋሼ ሲመርጡ ማየት ትምህርት ነው። እያንዳንዱን ሞራሌ ከአንድ ጫፉ በአንድ ዓይናቸው እንደ ጠመንጃ ያነጣጥሩበታል፤ የተቆለመመው ወዲያው ይታወቃል። ከዚያ በጣታቸው ይመቱታል፤ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው፣ የደረቀው ይጮኻል። ጫፉ ላይ ያለውን ስንጥቅ በስንዝር ይለካሉ። ከሰባት በላይ ጥለው አንዱን ያነሡ ነበር፤ ነጋዴው ቢቆጣም ስለሚያውቃቸው ዝም አለ። ጣውላውን ግን ከእዚያ አልገዛንም። ፎቅ የሚሠራበት ቦታ ሄደን ለኮንክሪት ማፍሰሻ የዋለ ጣውላ በርካሽ ገዛን። ሲሚንቶ ደርቆበታል፣ ሚስማሩ አልተነቀለም፣ መልኩ ያስጠላል። ሆኖም ዓመት ሙሉ በፀሐይና በዝናብ ስለ ቆየ መጣመም የነበረበት ተጣምሟል፤ መሰንጠቅ የነበረበትም ተሰንጥቋል። ቀጥ ብሎ የቀረውን መርጦ መውሰድ ብቻ ነው። ለጋራዥ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጽድ ማግኘት የቻለ ሰው ምስጥ አይፈራም፤ ግን ጽድ ዛሬ ለመደርደሪያ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይቁምልን።

ስንሠራ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ጋሼ የሚጠሩት መሣሪያ ሁሉ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የጣልያን ነው። መዶሻ፣ መሮ፣ መጋዝ፣ ቱንቢ የእኛ ናቸው። ሞራሌ፣ ቪቴ፣ ካቻቪቴ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ኮላ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ ሲሚንቶ ደግሞ ጠላት ትቶት የሄደው ነው። ጣልያን ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ይዞ ፒያሳን ገንብቶ፣ በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ እጁን ሲሰጥ፣ ሰውየው ሄደ፤ ቃሉ በአናጢው አፍ ቀረ። አባቶቻችን በግዞትና በቀን ሥራ የተማሩትን ሙያ ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉ ቃሉን አብረው አስተላለፉ። እኔ በዚህ አላፍርም፤ ሙያው በላባቸው የተገዛ ነውና።

የሥራውን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ግድግዳው 2 ሜትር ከ40 ነው። አራት መሰላል በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ይቆማል። እያንዳንዱ መሰላል 2 ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ባለ 5 በ7 ሞራሌዎች አሉት፤ በመካከላቸው 45 ሳንቲ ሜትር ክፍተት እንዲቀር ሆነው አራት አግዳሚዎች ይገባሉ። ስለዚህ ስምንት ቋሚ፣ አሥራ ስድስት አግዳሚ ነው። በአግዳሚዎቹ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ጣውላዎች በየእርከኑ ሦስት ሦስት ሆነው ይተኛሉ፤ በጠቅላላው አሥራ ሁለት።

80 ሳንቲ ሜትሩን ለምን መረጥን? እኔ ሁለት መሰላል ብቻ አቁመን እንጨት እንቆጥብ ብዬ ነበር። ጋሼ ቀጭን ጣውላ አንሥተው በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመው በእጃቸው ተጫኑት፤ ከዚያ ድንጋዮቹን አራርቀው እንደገና ተጫኑት። ልዩነቱ ለዓይን ያስደነግጣል። የጣውላ ርዝመት እጥፍ ሲሆን በላዩ የሚደረደረውም ዕቃ እጥፍ ይሆናልና፣ መጉበጡ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን መጉበጡ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ወፍራም ጣውላ ግን ውድ ነው፤ አንድ ተጨማሪ መሰላል ርካሽ ነው። ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ላይ ነው። ቀጭኑን ጣውላ በአጭር ርቀት ማስደገፍ ወፍራሙን በረጅም ርቀት ከመዘርጋት ይሻላል። ሦስት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ጎን ለጎን በ80 ሳንቲ ሜትሩ ላይ ሲቀመጡ፣ 60 ኪሎ ገደማ፣ ጣውላው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይጎብጥም።

ሁለተኛው ቁም ነገር መጋጠሚያው ነው። እኔ አግዳሚውን ከቋሚው ጎን አስጠግቼ በሁለት ሚስማር ልመታው ስል እጄን ያዙኝ። እንዲህ ከሆነ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ሚስማሩ ነው። ይልቅ ቋሚው ላይ በመጋዝ ሁለት ቦታ ቆርጠው፣ መካከሉን በመሮ አንሥተው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ቦይ አወጡ። አግዳሚው እዚያ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የደባርቁ ባላና የግንቡ ጉድጓድ ወዲያው ትዝ አለኝ፤ እንጨቱ በእንጨት ላይ ተኝቷል። ሚስማሩ እንዳይወጣ ብቻ ይጠብቀዋል። ሚስማሩንም ሲመቱ ጫፉን በመዶሻ ደፍጠጥ ያደርጉት ነበር። ሹል ጫፍ የእንጨቱን ጭረት እንደ ሽብልቅ ገብቶ ይፈለቅቀዋል፤ የደፈጠጠ ጫፍ ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ጨፍልቆ ነው የሚገባ። በደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ ይህም አይበቃም፤ አስቀድሞ በቀጭን መሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል።

መሰላሎቹ ቀጥ ማለታቸውን በቱንቢ፣ እኩል መሆናቸውን በውኃ ልክ አየን። ፋብሪካ የሠራው የአረፋ ውኃ ልክ ነበረን፤ ጋሼ ግን ሁለቱ ጫፍ ላሉት መሰላሎች ያመኑት ውሃ የተሞላ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ውሃ በሁለት ጫፍ እኩል ይቆማል፤ ወለሉ ቢያጋድልም አይታለልም። የጋራዣችን ወለል ወደ በሩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያዘነብል ኖሯል፤ በቱቦው ነው ያወቅነው። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን ደግሞ በአንድ በኩል 60፣ በሌላ በኩል 80 ለክተው፣ ሰያፉ 100 ሳንቲ ሜትር መምጣቱን አረጋገጡ።

እግሮቹ ወለሉን እንዲነኩ አላደረግንም። ከያንዳንዱ ቋሚ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ በላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ገባ። ድንጋዩ ዝንባሌውን አስተካከለ፤ ጎማው ርጥበት ወደ እንጨቱ እንዳይወጣ ከለከለ። የእግሮቹን አንድ ስንዝር ያህል የተቃጠለ ዘይት ቀባናቸው፤ ምስጥ አይወደውም። የእህል ጆንያ የሚነካበት ቦታ ግን ዘይት መቀባት አይገባም፤ ይሸታል፤ ለምግብም አይሆንም። መደርደሪያውን ከግድግዳው አራት ጣት አራቅነው። ምስጥ በጭቃ መንገዱን ሠርቶ ሲወጣ በኋላው ባትሪ አብርቶ ማየት ይቻላል፤ ከግድግዳ ጋር የተለጠፈ መደርደሪያ ግን ምስጡን ሳያሳይ ያስበላል።

አንድ ጉድለት ቀርቶት ነበር። ቆሞ ሳለ በትከሻዬ ብገፋው እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ አለ። አራት ማዕዘን ብቻውን ሲገፉት ይጋደማል፤ ሦስት ማዕዘን አይጋደምም። በጀርባው ሁለት ቀጫጭን ማገር በሰያፍ አጣልፈን ስንመታበት መወላወሉ ወዲያው ቆመ። በመጨረሻ ከላይ፣ ብሎኬቱን በሚያስረው የኮንክሪት ቢም ላይ፣ በሁለት ቦታ ብቻ በብሎን ያዝነው። እነዚያ ሁለት ብሎኖች ምንም አይሸከሙም፤ ልጅ ቢንጠላጠልበት ወደ ፊት እንዳይወድቅ ይይዙታል። ልጅ ያለበት ቤት ይህንን ፈጽሞ እንዳይዘነጋ እለምናለሁ። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን፤ ባትሪና ዘይት በፍጹም ከራስ በላይ አይውጡ።

በብረት መሥራት የሚፈልግም አለ። አንግል ብረት አስቆርጦ ብየዳ ቤት ማስበየድ ምስጥን ያስቀራል፤ ቦታም ይቆጥባል። ዋጋው ግን ከእንጨቱ ይበልጣል፤ ሐሳቡም ያው ነው፦ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ ጀርባው ሰያፍ ይኑረው፣ ከላይ ይታሰር። ዝገት እንዳይበላው ቀለም መቀባት ነው።

ሁለት ቀን ፈጀብን። ማታ ላይ ጋሼ የእናቴን ክር ተውሰው በመካከለኛው እርከን ሥር፣ ከመሰላል እስከ መሰላል፣ ከጣውላው አንድ ጣት ዝቅ አድርገው ወጠሩት። ከዚያ ስድስት ጀሪካን ውሃ ሞልተን ጫንንበት። «ይደር» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ያን ሌሊት ዝናብ አልነበረም፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ ነቅቼ አዳመጥሁ። ጠዋት ጋራዡን ስከፍት ክሩ እንደ ተወጠረ ነው፤ ጣውላው አልነካውም። እናቴ ግን ቀድማኝ ገብታ ኖሯል። ከደባርቅ ያመጣሁላትን የድንች ጆንያ በታችኛው እርከን ላይ አስተኝታ፣ ከላዩ ሰፌዷን ደፍታበታለች።

«ቆጡን ከላይ እናንተ ውሰዱት» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ። «ይህችን እንዳትነኩብኝ።»